ግንቡን በወንበር ጀርባ ላይ ከመቅረጻችን በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ከጥቂት ሳምንታት በፊት የዘመድ ሰርግ ነበረብኝና በከተማችን በጎንደር ወደሚገኝ አንድ ሆቴል ሄጄ ነበር። ያስቀመጡኝ ወንበር ጀርባው በፋሲል ግንብ አምሳል የተቀረጸ፣ አናቱ ላይ ጥርስ ጥርስ ያለው፣ ግራና ቀኙም ሁለት ትንንሽ ክብ ማማዎች የቆሙበት ነው። ደገፍ ባልሁ ቁጥር ጥርሱ ትከሻዬን ስለወጋኝ ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ መቀመጥ ግድ ሆነብኝ፤ ዘወር ብዬ ስመለከት የቀረውም ታዳሚ እንደ እኔው ጎንበስ ብሏል። ከደጅ ገብቶ ላየን ሰው ምሳ የምንጠብቅ ሳይሆን ኀዘን የተቀመጥን ሳንመስለው አልቀረንም።

ይህን የምጽፈው ባለ ሆቴሉን ለመውቀስ አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በእንጨት ሥራ የኖርሁ ሰው ስሆን፣ እንዲህ ያለውን ወንበር ሠርተው ከሸጡት አንዱ እኔው ራሴ ነኝ። አንድ ደንበኛ 12 የምግብ ወንበሮች «ጎንደር ጎንደር እንዲሸቱ» አድርጌ እንድሠራለት ያዘዘኝ ጊዜ፣ ብዙም ሳላስብ የግንቡን ፎቶግራፍ በካርቶን ላይ ገልብጬ፣ ካርቶኑን ጣውላ ላይ አጋድሜ፣ ዙሪያውን በመጋዝ ቆረጥሁት። የማማዎቹ አንገት ከእንጨቱ ጭረት፣ ማለትም ከግንዱ ሥር ወደ ጫፉ ከሚሄደው መስመር፣ ጋር ተቃርኖ መቅረቱን ያስተዋልሁት ዓመት ሳይሞላ ደንበኛው የሰባት ወንበር ማማ በፌስታል ሰብስቦ ይዞልኝ ሲመጣ ነው። በኮላ መለስሁለት፤ እንደገና ተገነጠለ። ገንዘቡን አልጠየቀኝም፤ ፌስታሉን ግን እኔው ዘንድ ትቶት ሄደ፤ እስከ ዛሬም ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ ተንጠልጥሎ አለ።

በግንቡ ደጅና መስኮት ላይ የምናየው ቅስት ድንጋይ ድንጋይን እየገፋ፣ አንዱ ሌላውን እየደገፈ የቆመ ነው፤ ክብደት ሲጫነው ይጠብቃል። እንጨት ጠባዩ ሌላ ነው። ጭረቱን ተከትለው ለሠሩበት ብዙ ይሸከማል፤ ጭረቱን አቋርጠው በቀጭኑ ከቆረጡት በሕፃን ጉልበት ይሰበራል። ስለዚህ የድንጋዩን ቅርጽ እንዳለ አንሥቼ በጣውላ ላይ ባኖርሁ ጊዜ፣ ያ የጥንት ግንበኛ ድንጋዩን ያወቀውን ያህል እኔ እንጨቴን እንደማላውቅ ነው በአደባባይ የመሰከርሁት። ታሪካችን በቤት ዕቃችን ላይ ይታይ ሲባል ደስ ይለኛል፤ ልጆቻችንም ከውጭ መጥቶ ከሚደረደረው ሶፋ ሌላ የራሳችን የሚሉት ነገር ቤታቸው ውስጥ ቢኖር እመኛለሁ። የምከራከረው ከታሪኩ ምን እንውሰድ በሚለው ላይ ነው። እስካሁን የወሰድነው መልኩን ብቻ ሲሆን፣ አሠራሩን ግን ጨርሶ አልጠየቅነውም።

የአሠራሩን ነገር ለማየት ዙሪያው 900 ሜትር በሚሆነው የግንቡ አጥር ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን በቅርብ መመልከት ይበቃል። አብዛኛው ግድግዳ ከአካባቢው የተገኘ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ብዙም ሳይለሰልስ በኖራ ተያይዞ የተገነባ። በደጁና በመስኮቱ ዙሪያ ግን ግንበኛው ሌላ ድንጋይ አመጣ፤ ቀላ ያለ፣ ለመጥረብ የሚመች፣ ከጥቁሩ መካከል ለብቻው የሚለይ። ይህን ድንጋይ በሙሉው ግድግዳ ላይ አላፈሰሰውም፤ ዓይን በሚያርፍበትና ሰው በሚያልፍበት ቦታ ላይ ብቻ አዋለው። ግንቡን ለዓመታት ስመላለስበት ኖሬ ይህን ያስተዋልሁት ከዚያ ከፌስታሉ ወዲህ መሆኑን ስናገር ትንሽ አፍራለሁ።

ከዚያ ወዲህ በምሠራቸው ወንበሮች እግሩንና ማገሩን ከባሕር ዛፍ፣ እጅ የሚያርፍበትን ክንዱንና ጀርባ የሚነካውን አግዳሚ ብቻ ከዋንዛ ማድረግ ጀመርሁ። ዋንዛ እንደ ኮሶ፣ እንደ ዝግባና እንደ ጽድ ሁሉ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነው፤ መከልከሉም ተገቢ ነው። እኔ የማገኘው ከፈረሰ ቤት በርና ሣንቃ ነው። ባለቤቱ ለማገዶ ሊፈልጠው የነበረው የዋንዛ በር ላዩ በጭስ ጠቁሮ ሲታይ ዋጋ ያለው አይመስልም፤ መላጊያ ሁለት ጊዜ ሲያልፍበት ግን ውስጡ ማር የመሰለ ነው፣ ምስጥም ብዙ አልደፈረውም። ከአንድ በር የስድስት ወንበር ክንድ ይወጣል። ባሕር ዛፉን በተመለከተ፣ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ስለሆነ የጎንደር ነገሥታት አያውቁትም ነበር፤ ሆኖም በእጃችን ያለው እንጨት እርሱ ነው። ይጠመማል፣ ይሰነጠቃል እያልን እናማዋለን እንጂ ጥፋቱ የእኛ ጥድፊያ ነው። ተሰንጥቆ ጥላ ሥር ከተደረደረ፣ በየመካከሉ ነፋስ እንዲያልፍ ቀጫጭን እንጨት ከገባበት፣ ጫፍና ጫፉ እንዳይፈነዳ ቀለም ወይም ሰም ከተቀባና ወራት ከታገሡት መልካም የወንበር እግር ይሆናል። ማክሰኞ ተቆርጦ ዓርብ ቫርኒሽ የሚቀባ እንጨት ግን ከየትም አገር ቢመጣ ይጠመማል።

ከግንቡም ይልቅ ለእኛ ለእንጨት ሠሪዎች የቀረበው መምህር በየጓዳችን የነበረው፣ አሁን ብዙው ከምጣድ ሥር የተማገደው ጠፍር አልጋ ነው። በቋንቋችን አልጋ ማለት የመኝታ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ዙፋንም አልጋ ነው፤ ንጉሥ ሊሆን የታጨው ልጅ አልጋ ወራሽ ይባላል። ወንበርም እንዲሁ ነው፤ በጥንቱ ችሎት ዳኞቹ ራሳቸው ወንበር ይባሉ ነበር፤ በአቋቋም፣ ማለትም በማኅሌት ዜማና ሽብሸባ፣ ምስክር ቤትነቱ በሚታወቀው በጎንደር በዓታ ቤተ ክርስቲያንም መምህሩ ወንበር ዘረጋ ሲባል ማስተማር ጀመረ ማለት ነው። መንግሥቱንም፣ ፍርዱንም፣ ትምህርቱንም በቤት ዕቃ ስም የጠራ ሕዝብ፣ ዛሬ ዕቃውን ከቁም ነገር አለመቁጠሩ ይገርመኛል።

ጠፍር አልጋ ሲሠራ ያላያችሁ ወጣት አንባቢዎች ስለምትኖሩ ጥቂት ልዘርዝረው። አራት እግሮች ይጠረባሉ፤ ሁለት ረጅምና ሁለት አጭር አግዳሚዎች ምላስ ወጥቶላቸው በእግሮቹ ቀዳዳ ውስጥ ይሰካሉ። ምስማር የለም፣ ኮላ የለም። በአግዳሚዎቹ ላይ በየጣቱ ርቀት ቀዳዳ ይበጃል። ከዚያ የበሬ ቆዳ ከዳሩ ጀምሮ እየተዞረ፣ ሳይበጠስ፣ እንደ ገመድ በረጅሙ ይተለተላል፤ ውኃ ውስጥ ተነክሮ እርጥቡን በቀዳዳዎቹ እየተመላለሰ በመስቀለኛ ይወጠራል፤ አንዱ ሲስብ ሌላው እንዳይመለስ በሽብልቅ ይይዛል። ትልቁ ብልሃት የሚገለጸው ሲደርቅ ነው። ጠፍሩ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር አራቱን አግዳሚዎች ወደ መካከል ይስባቸዋል፤ ምላሶቹም በየቀዳዳቸው ውስጥ እየጠበቁ ይሄዳሉ። ሰው የሚተኛበት ነገርና አልጋውን የሚያያይዘው ነገር አንድ ሆነ ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ሲረግብ ይፈታል፣ ይነከራል፣ እንደገና ይወጠራል፤ የተበጠሰው ብቻ ተለይቶ ይቀየራል። ዛሬ የምንሸጠው ከተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ የሚሠራው የቺፕውድ አልጋ ግን ሁለት ጊዜ ቤት ከተቀየረበት የቪቴው፣ የጠመዝማዛው ምስማር፣ ቀዳዳ ይላላል፣ ከዚያ ወዲያ መድኃኒት የለውም።

አትሮንሱም የዚሁ ጥበብ ወንድም ነው። ሁለት ተሻጋሪ እግሮች መካከላቸው ላይ በእንጨት ችንካር ተያይዘው ይታጠፋሉ፤ ከላይ መጽሐፉ የሚያርፍበት ቆዳ ተወጥሯል። መጽሐፉ በከበደ ቁጥር እግሮቹ ሊከፈቱ ይሻሉ፣ ቆዳው ደግሞ ይይዛቸዋል፤ ሸክሙ ራሱ ዕቃውን ያጸናዋል። በዚህ መንገድ የሚታጠፍ መቀመጫ ሠርቼ በኮንዶሚኒየም አንድ ክፍል ቤት ለሚኖሩ አዲስ ሙሽሮች ሰጥቻቸው፣ እንግዳ ሲመጣ ከግድግዳው ላይ አውርደው ይዘረጉታል፣ ሲሄድ መልሰው ይሰቅሉታል። በላዩ ላይ የግንብ ሥዕል የለም፤ ሆኖም የሙሽራዪቱ አያት ገና ሲያዩት «ይሄማ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ነው» አሉ። ለእኔ ከዚያ የሚበልጥ ምስጋና አልነበረም።

ይህ ሁሉ ጥበብ ለምን ተቋረጠ ብለን መጠየቅ ይኖርብናል። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 የቆረቆሯት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1866 በአፄ ቴዎድሮስ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች፤ በ1888 ድርቡሾች ገብተው አቃጠሏት፤ በ1941 ጣሊያን ሲወጣ የቦምብ ድብደባ ደረሰባት። ድንጋዩ እየቆሰለም ቢሆን ቆመ፤ እንጨቱና ጨርቁ ግን ነደደ። ከእሳቱ ባልተናነሰ ጥበቡን የጎዳው ደግሞ አፋችን ነው። ከከተማዋ ግንበኞች፣ አናጺዎችና ብረት ቀጥቃጮች መካከል ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ እኛ ግን ያሠራነውን ሰው ቡዳ፣ ቀጥቃጭ እያልን ስንሰድብ ኖርን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ከልክ ቢያልፍ ነው። ዛሬ ከከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው ወለቃ የሸክላ ሥራ ለመንገደኛ ይሸጣል፤ የቀድሞዎቹ ባለ እጆች ልጆች ግን አብዛኞቹ እስራኤል አገር ናቸው። እኔም ሥራውን ስጀምር «የተማረ ልጅ እንዴት መጥረቢያ ይይዛል» የሚል ዘመድ አላጣሁም። ይህ ቃል የዛሬ መቶ ዓመት የተነገረ አይደለም።

እንግዲህ እኔን የሚያተጋኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ያ የእጅ ሥራ ባይቋረጥ፣ ከአባት ወደ ልጅ እየተሻሻለ ቢደርሰን ኖሮ ዛሬ በቤታችን ምን ዓይነት ወንበር ይኖረን ነበር? ይህን ዓይነት ጥያቄ ሌሎችም ጠይቀዋል። በኒው ዮርክ የሚገኘው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ክፍል ከፍቷል፤ ለሴንትራል ፓርክ መሥሪያ ተብሎ በ1857 የፈረሰው የጥቁሮች መንደር ሴኔካ ቪሌጅ ባይፈርስ ኖሮ የነዋሪዎቹ ቤት ዛሬ ምን ይመስል ነበር ብሎ የሚያስብ ክፍል ነው። በዚያ ክፍል ዕቃዎች መካከል ትውልደ ኢትዮጵያዊው የቤት ዕቃ ነዳፊ ጆሞ ታሪኩ በሚዶ አምሳል የሠራው ወንበር ይገኛል። ሚዶ ስንል ያው እናቶቻችን ጠጉራችንን የሚያበጥሩበት ነው። የሚዶው ጥርሶች ወደ ላይ ቀጥ ብለው የወንበሩ ጀርባ ሆኑ፤ እንጨቱም በጭረቱ ነው የቆመው፤ የእኔ ማማዎች የሆኑትን አይሆንም። ዴንማርካዊው ሐንስ ቬግነርም እ.ኤ.አ. በ1944 ከጥንት የቻይና ወንበር ተነሥቶ የራሱን ሲሠራ ዘንዶ አልቀረጸበትም፤ የወሰደው ጀርባንና ክንድን በአንድ ዙር የሚይዘውን ጎባጣ አግዳሚ ነው። የቻይና ወንበር ለዴንማርክ ሰው ይህን ያህል ካስተማረ፣ የጎንደር አልጋ ለጎንደር ሰው የሚያስተምረው አያጣም።

መንገዴን ሳልስት ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴን የጣሪያ መላእክት በሶፋ ጨርቅ ላይ ታትመው አይቻለሁ፤ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ደግሞ በበርጩማ ላይ። የሠዓሊው ጥበብ ለቤት ዕቃ አይሁን አልልም፤ ዓይኖቻቸው ወደ እኛ ወደ ታች እንዲመለከቱ ተደርገው የተሣሉትን ገልብጦ ከመቀመጫ ሥር ማድረግ ግን ድፍረት ነው፤ አንድ ቄስ ተቆጥተው ከዚያ ቤት ሲወጡ አይቼ ፈርጃላቸዋለሁ። ሁለተኛ፣ ታሪክ ስንል የነገሥታቱን ብቻ አናድርገው። ኮላ፣ ቪቴ፣ ኮምፔንሳቶ (ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀበት ጣውላ) የምንላቸው የሙያችን ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ፒያሳችንም ማዕዘናቸው ክብ የሆኑ ሕንፃዎቹን ያገኘው በዚያው በአምስቱ ዓመት ነው። በግድ የመጣም ቢሆን እጃችን ተምሮበታል፤ የዚያን ዘመን ክብ ማዕዘን ልጅ በሚሮጥበት ቤት ጠረጴዛ ላይ ባውለው ማንም ባንዳ የሚለኝ አይመስለኝም።

ከተማችን በኮሮና፣ ቀጥሎም በጦርነቱና በጸጥታው ችግር እንግዳ ርቋት ቆይታለች። ለቱሪስት ተብሎ የሚሠራ የግንብ አምሳል ቱሪስት ሲጠፋ ገዢ የለውም፤ እኛው የምንቀመጥበት ወንበር ግን ሁልጊዜ ገዢ አለው። በእኔ ሱቅ ያሉት ሦስት ወጣቶች በሙያ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው፤ የተማሩትን ኤምዲኤፍ የሚባለውን የተጨመቀ ጣውላ መቁረጥና ማገጣጠም በሚገባ ያውቁታል፤ ጠፍር መወጠርን ግን ከእኔ በፊት ያሳያቸው አልነበረም። ለሙያ ማሠልጠኛዎች የማቀርበው ልመና ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ አሮጌ ዕቃ ከመንደሩ ፈልጎ፣ ልኬቱን ወስዶ፣ ነድፎ፣ ከዚያም ለዛሬ ቤት በሚሆን መንገድ እንደገና ይሥራው። መሥሪያ ቤቶችም የወንበር ጨረታ ሲያወጡ «ከውጭ የገባ» የሚለውን መስፈርት ትተው ስንት ዓመት እንደሚያገለግልና ሲሰበር እዚሁ መጠገን መቻሉን ይጠይቁ፤ በዚህ መስፈርት ብንሸነፍ አንከፋም።

ከእናንተ ከጋዜጠኞቹ የምጠይቀው በየእትሙ የአንዲት መዳፍ ያህል ቦታ ነው። በዚያ ቦታ አንድ አሮጌ የቤት ዕቃ ከነልኬቱ ይውጣ፤ አንባቢ ከየጓዳው፣ ከየገዳሙ፣ ከየቅዳሜ ገበያው ያገኘውን ነድፎ ይላክ። የመጀመሪያውን እኔ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ፤ ነፍሱን ይማረውና የአባቴ አልጋ ነው። ርዝመቱ አራት ክንድ፣ ወርዱ ሁለት ክንድ ከስንዝር፣ ከመሬት ከፍታው አንድ ክንድ ሊሞላ አራት ጣት ይቀረዋል፤ እግሮቹ የወይራ፣ አግዳሚዎቹ የዋንዛ ናቸው። በራስጌው በኩል ከግራ ሦስተኛዋ ቀዳዳ ከሌሎቹ ትሰፋለች፤ ያበላሸኋት እኔ ነኝ፣ ልጅ ሆኜ በመሮ ስጫወት። ነዳፊዎች እንደ ስሕተት ቆጥረው እንዳያስተካክሏት አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንጨት ሥራ ባለሙያ
ጎንደር